የተቆረጠ አበባ ውሃ የሚጠጣው እንዴት ነው?

በወርኃ መስከረም የወለጋ ኮረብታዎችና የእርሻ ዳርቻዎች በአደይ አበባ ቢጫ ቀለም ይደምቃሉ። በአፋን ኦሮሞ ኬሎ የሚባለው ይህ አበባ በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ቤቶች በብርጭቆ ወይም በገንቦ ተደርድሮ ይታያል። ነገር ግን ጠዋት ፈክቶ የገባው እቅፍ ማታ አንገቱን ደፍቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምናገኘው አበባ ውሃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይጠወልጋል። ይህ ለምን ይሆናል?

በአበባው አገዳ ውስጥ ዛይለም የሚባሉ ከፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ። ብዙዎቻችን ውሃው በእነዚህ ቱቦዎች የሚወጣው በአየር ግፊት ወይም በካፒላሪ ኃይል ነው ብለን እናስባለን። እስቲ እናስላው። የአየር ግፊት ውሃን ሊያነሣ የሚችልበት ከፍታ ግፊቱ ለውሃው እፍጋትና ለስበት ፍጥነት ጭማሪ ብዜት ሲካፈል ይገኛል። ውጤቱ በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር ያህል ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 79 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ የውሃውም ከፍታ ከ8 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ራዲየሱ 0.02 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥም ካፒላሪ ብቻውን ውሃን ከ75 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ አያወጣም። ይሁን እንጂ ዝግባና ቀረሮ ከ30 ሜትር በላይ ያድጋሉ።

የዕፅዋት ተመራማሪው ሄንሪ ዲክሰንና የፊዚክስ ሊቁ ጆን ጆሊ በ1894 እ.ኤ.አ. ለዚህ እንቆቅልሽ መልስ አቀረቡ። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ይሳሳባሉ። ቅጠሉ ውሃን ባተነነ ቁጥር የሚወጣው ሞለኪውል ተከታዩን ይስባል፤ ዓምዱም እንደተወጠረ ገመድ ከላይ ወደ ታች ተያይዞ ይጎተታል። በዚህ ምክንያት በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በውጥረት ላይ ነው።

አበባው ሲቆረጥ ይህ ገመድ ይበጠሳል። የተወጠረው ውሃ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ በስፍራው አየር ይገባል። አገዳው ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢቆምም በጫፉ የታሰረው አየር መንገዱን ይዘጋዋል። ቅጠሉ ግን ማትነኑን አያቆምም፤ ወጪው ከገቢው ይበልጣል፤ አበባው ይጠወልጋል።

እንግዲህ አበባ ለመደርደር የሚያስፈልጉት ጥንቃቄዎች ከዚህ ይመነጫሉ፦

1ኛ. አበባውን በማለዳ መቁረጥ። ሌሊት ትነት ስለሚቀንስ አገዳው ውሃ ጠግቦ ያድራል።

2ኛ. ቤት እንደደረሱ የአገዳውን ጫፍ በሳፋ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላዋ መቁረጥ። አየር የያዘው ክፍል ሲወገድ ቱቦው ከውሃው ጋር ይገናኛል። የደነዘ መቀስ ግን ቱቦዎቹን ይጨፈልቃል። በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከራዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ራዲየሱ በግማሽ ሲጠብ ፍሰቱ ወደ 1/16 ይወርዳል።

3ኛ. ውሃ ውስጥ የሚገቡትን ቅጠሎች ማንሣትና ውሃውን በየቀኑ መለወጥ። በሚበሰብስ ቅጠል ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ቱቦዎቹን ይደፍናሉ። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከሎሚ ጭማቂ ጋር መጨመር ይጠቅማል፤ ስኳሩ አበባውን ይመግባል፣ የሎሚው አሲድ ባክቴሪያን ያዳክማል። ስኳር ብቻውን ግን ባክቴሪያውንም ስለሚመግብ ሊጎዳ ይችላል።

4ኛ. እቅፉን ከፀሐይና ከበሰለ ሙዝና ማንጎ ማራቅ። ከእነዚህ ፍራፍሬዎች የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ብዙ አበቦችን ያስረጃል።

የአደራደሩም ነገር ስሌት አለው። የዕቃው መቀመጫ ራዲየስ 4 ሴንቲ ሜትር፣ የጠቅላላው የስበት ማዕከል ከፍታ 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እቅፉ ወደ 14 ዲግሪ ሲያዘነብል ይወድቃል። ከታች የታጠበ ጠጠር ጨምረን የስበት ማዕከሉን ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ብናወርደው ግን እስከ 27 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል። ጠጠሩ አገዳዎቹንም በፈለግነው አቅጣጫ ይይዝልናል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን በቃል ብቻ አትቀበሉት። በአንድ ማለዳ የተቆረጡ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ 10 የአደይ አገዳዎችን ውሰዱ። አምስቱን ግማሽ ሰዓት አየር ላይ አቆይታችሁ እንዳሉ በአንድ ብርጭቆ አቁሙ። አምስቱንም እንዲሁ ካቆያችሁ በኋላ ጫፋቸውን በውሃ ውስጥ ቆርጣችሁ በሁለተኛው ብርጭቆ አስቀምጡ። ሦስተኛው ብርጭቆ ያለ አበባ ውሃ ብቻ ይያዝ፤ ከገጹ በራሱ የሚተነውን መጠን ያሳያችኋል። የውሃውን ወለል በየስድስት ሰዓቱ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉ። ሠንጠረዥ አዘጋጅታችሁ ልዩነቱን አስሉ፤ ከዚያም የትኛው እቅፍ ቀድሞ አንገቱን እንደደፋ መዝግቡ።