ዓመት ከመጻፋችን በፊት ወሩን እንጠይቅ

ስለ ፊልም አዘጋጁ ኃይሌ ገሪማ ስናነብ አንዱ ጽሑፍ በ1938፣ ሌላው በ1946 ጎንደር ተወለዱ ይላል። ታዲያ የቱ ነው ስሕተቱ? የትኛውም አይደለም። የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ማርች 4 ቀን 1946 ማለት የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው።

ልዩነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዘመን መለወጫ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2008 ነው። ዝም ብሎ 7 የቀነሰ ሰው 2001 ይላል፤ ዕለቱ ግን ጳጉሜን 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር።

ስሙም ይመርመር። የውጭ መጻሕፍት «ገሪማ» ብቻ ብለው ይጠሯቸዋል፤ ገሪማ ግን አባታቸው፣ ደራሲው አባ ገሪማ ታፈረ ናቸው።

ነገ ከአሰላ ወጥተን በቆጂም ሆነ ሳጉሬ ስንመደብ፣ ለብዙው ተማሪ ማመሳከሪያው ጥቁር ሰሌዳው ነው። እዚያ የጻፍነው ስሕተት በየደብተሩ ይገለበጣል፤ እኛ ብናጠፋው እንኳ ከደብተሩ አይጠፋም። ስለዚህ ወሩን ሳናውቅ ዓመት አንቀንስ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳንልም አንለፍ።