እናቲቱን መተው
የጥናት ክፍል፦ ዘፍጥረት 2፥15፤ ዘዳግም 22፥6-7



በእርዳታ ሥራችን ደጋግሞ የሚገጥመን ጥያቄ አለ። ሰው በተራበበት ስፍራ ስለ ፍጥረት ጥበቃ መናገር ተገቢ ነውን? ቃሉ ሁለቱን አይለያያቸውም። አዳም እንዲያለማም እንዲጠብቅም ታዝዟል። በሙሴ ሕግም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን መውሰድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን ይለቃታል። ዛሬ ይበላል፤ የነገውን ምንጭ ግን አያደርቅም።

ለምሳሌ ፊሊፒንስን እንመልከት። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት የዓሣ መኖሪያና መራቢያ ነው። በድማሚትና በመርዝ ሲያጠምዱበት ዓሣውም ቤቱም አብሮ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በሱሚሎን ደሴት የባሕሩ ከፊል ተከለለ፤ ዓሣም በዛ። በ1984 ግን ጥበቃው ፈረሰ። በጥቂት ዓመት ውስጥ አጥማጆቹ የሚያገኙት ዓሣ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

በአፖ ደሴት ነገሩ ሌላ ሆነ። በ1901 በፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን የተመሠረተው የሲሊማን ትምህርት ቤት፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ መምህራኑን ላከ፤ ከእነርሱም አንዱ ዶክተር አንጄል አልካላ ነበሩ። መምህራኑ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው ተወያዩ። በ1982 ነዋሪዎቹ 450 ሜትር ያህል ዳርቻ ከለሉ፤ ጥበቃውንም ራሳቸው ያዙ። በቀረው ባሕር በመንጠቆ፣ በወጥመድና በመረብ ማጥመዳቸውን ቀጠሉ። በክልሉ ውስጥ ያደገው ዓሣ ወደ ውጭ እየወጣ መረባቸው ገባ። ኋላም ጎብኚዎች የሚከፍሉት ገንዘብ ተጨመረ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

1. ጥቂቱን መተው የቀረውን ያበዛል።
2. ድሃው ራሱ ያልወሰነው ክልከላ አይጸናም።
3. መተው ዋጋ አለው። ዓሣው እስኪበዛ ድረስ የአጥማጁ ልጆች መብላት አለባቸው። የወንድሞች እርዳታ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው።

ጥበቃ ከመከራ ሁሉ ያድናል አንልም። በ2011 እና በ2012 የመጡ ብርቱ ዐውሎ ነፋሶች የአፖን ክልል ክፉኛ ጎድተዋል። ባሕሩም በየጊዜው እየሞቀ ኮራሉን ያነጣዋል። ስለዚህ ታማኝነት የአንድ ዓመት ሥራ አይደለም።

ለውይይት፦
ሀ. በአካባቢያችን ልንለቃት የሚገባን «እናት» ማን ናት? ደን ናት? ምንጭ ናት? ወይስ የግጦሽ መሬት?
ለ. እርሷን ስንተው የሚጎዳው ማን ነው? እንዴትስ እንረዳዋለን?

እጃቸው ባዶ ሆኖ ለሚታገሡ የባሕር ዳር ቤተሰቦች እንጸልይ።