የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የእኛ ማጉረምረም



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልብስ ነው። ይህን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ተግሣጽ መጣ» ብላችሁ ወረቀቱን ልታጥፉት ትችሉ ይሆናል። አይዟችሁ። ይህን የሚጽፍላችሁ መምህር ወይም ሽማግሌ ሳይሆን፣ እንደ እናንተው ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤት በር ላይ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሚታይ ተማሪ ነው። እንዲያውም ስለ ዩኒፎርም ከእኔ ይበልጥ ያጉረመረመ ልጅ በክፍላችን አልነበረም።

1. ቅሬታዬ

የትምህርት ቤታችን ደንብ ጥብቅ ነው። ሱሪና ቀሚስ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሸሚዝ ነጭ፣ ሹራብ ዓርማ ያለበት፣ ጫማ ጥቁር መሆን አለበት። የወንድ ፀጉር አጭር፣ የሴት ፀጉር የተሠራ ወይም የታሰረ ይሆናል። ከሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ በፊት ዘበኛውና ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ቆመው ያያሉ። አንድ ነገር የጐደለበት ተማሪ ከመስመር ይወጣል፤ አስተካክሎ እስኪመጣም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሲደጋገም ወላጅ ያመጣል።

10ኛ ክፍል ሳለሁ አክስቴ ከዱባይ ነጭ የስፖርት ጫማ ላከችልኝ። እንደዚያ ያለ ጫማ በሰፈራችን ማንም አልነበረውም። አድርጌው በሄድሁበት በመጀመሪያው ቀን ከበር ተመለስሁ። በሳምንቱ ደግሜ ሞከርሁና እናቴ ሥራዋን ትታ መጥታ፣ በዩኒት ሊደሩ ቢሮ ቆማ ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ንዴቴ በረታ። «የሚፈተነው ጭንቅላቴ ነው እንጂ እግሬ ነው እንዴ?» እያልሁ ለሚሰማኝ ሁሉ እናገር ጀመር። ጥቂት ጓደኞቼም ከእኔ ጋር ሆኑና፣ አንድ ሰኞ ክፍሉ በሙሉ ባለ ቀለም ልብስ ለብሶ እንዲመጣ መመካከር ያዝን።

2. ያልደረቀው ሹራብ

ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አደረ። በማግሥቱ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ፈተና ነበረን። ከኋላዬ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ቡናማ ሹራብ ለብሳ መጣች። የእናቷ ነበረ። የትምህርት ቤቱን ሹራብ ማታ አጥባው ነበርና አልደረቀላትም። በር ላይ ምክንያቷን ተናገረች፤ ዘበኛውም አዘነላት፤ ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው ተባለና ተመለሰች። ቤቷ በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ነው። የታክሲ ስላልነበራት በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች። ስትደርስ የፈተናው ወረቀት ተሰብስቦ አልቋል። እርጥቡን ሹራብ እንደ ለበሰች ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጥ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ወደ እርሷ ሄጄ፣ ለዚያ ለሰኞው አድማ ጥሩ ምስክር አገኘሁ ብዬ፣ «አየሽ ይህ ዩኒፎርም የሚሉት ነገር ምን እንደሚያደርግ! መጥፋት አለበት» አልኋት። እርሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለች፦ «ዩኒፎርሙማ ባይኖር እኔ በየቀኑ ምን እለብስ ነበር? ያስቸገረኝ ሁለተኛ የለኝም ነው እንጂ።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ። እኔ ዓመቱን ሙሉ የጮኽሁት ሁለት ጥንድ ጫማ ኖሮኝ አንዱን ለማሳየት ነበረ። እርሷ አንድ ሹራብ ኖሯት ዝም ብላ ነበር።

3. ዩኒፎርም ለምን ተጀመረ?

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማጥናት ፈለግሁ። ታሪኩ ካሰብሁት ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በእንግሊዝ አገር ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙ ሆስፒታል ይባል እንጂ ሐኪም ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1552 በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ለድኾች ልጆችና አባት እናት ለሌላቸው ሕፃናት ነበር። ልጆቹ ረጅም ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ካልሲ ይለብሱ ነበር፤ ዛሬም ተማሪዎቹ ይህንኑ ይለብሳሉ። እንግዲህ ዩኒፎርም በጥንት ዘመኑ የሚለብሰው ላጣ ልጅ የተሰጠ ልብስ ነበረ ማለት ነው።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል መጀመሩን እናስታውሳለን። ዩኒፎርም መግዛት ለስንቱ ቤት ሸክም እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ዩኒፎርም መልካም ምክንያት አለው። ያለውና የሌለው በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አንዱ በሌላው ፊት እንዳያፍር ይሸፍናል። ነገር ግን ድኻውን እንዲሸፍን የወጣ ደንብ ድኻውን በር ላይ የሚያቆም ከሆነ ዓላማውን ስቷል። ማንኛውንም ደንብ የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ይሁን፤ «እኔን ደስ አሰኝቶኛል ወይ?» ሳይሆን፣ «የወጣበትን ሥራ እየሠራ ነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

4. በማጉረምረምና በመናገር መካከል ያለው ልዩነት

አድማውን ያሰበው ጓደኛዬ «በአሜሪካ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸውን ከስሰው ረትተዋል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 በአይዋ ክፍለ ሀገር በዲ ሞይን ከተማ ጆን ቲንከር፣ እኅቱ ሜሪ ቤትና ክሪስቶፈር ኤክሃርት የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ገቡ፤ በዚህም ከትምህርት ታገዱ። ሜሪ ቤት ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በ7 ዳኞች ለ2 ፈረደላቸው። ነገር ግን ጓደኛዬ ያልነገረን አንድ ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ውሳኔ ጉዳዩ የቀሚስ ርዝመትን፣ የልብስ ዓይነትን ወይም የፀጉር አሠራርን እንደማይመለከት ለይቶ ተናግሯል። ልጆቹ የቆሙት ሰው ስለሚሞትበት ነገር ነበረ እንጂ ለጌጥ አልነበረም።

ከመጽሐፍ ቅዱስም ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን አንብቡ። ዳንኤል በባቢሎን ተማሪ ነበረ። ስሙን ሲለውጡበት አልተሟገተም፤ ትምህርታቸውንም ተማረ። በምግቡ ነገር ግን ኅሊናው አልፈቀደለትም። ያን ጊዜ ምን አደረገ? በመጀመሪያ አለቃውን በአክብሮት ለመነ። አለቃው ንጉሡን እንደሚፈራ ሲነግረው አልሰደበውም፤ ሥጋቱን ተረዳለት። ከዚያም ወደ ተመደበላቸው ጠባቂ ሄዶ የ10 ቀን ሙከራ እንዲያደርግላቸው ጠየቀ። እነሆ አራት ነገር እንማራለን፦ ለትልቁ ነገር መቆም፣ በትሕትና መናገር፣ የአዛዡን ችግር መረዳት፣ መፍትሔ ይዞ መቅረብ። ዩኒት ሊደራችንም ከበላዩ የሚጠይቀው አለቃ እንዳለው ያሰብሁት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው።

5. ያደረግነው

አድማውን ተውነው። አምስት ሆነን አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፤ ስማችንንም ፈረምንበት፤ በክፍል ኃላፊ መምህራችን በኩል ለዲሬክተሩ አቀረብን። የለመንነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዩኒፎርም የጐደለበት ተማሪ ስሙ ተመዝግቦ ወደ ክፍል ይግባ፤ ቅጣት ካስፈለገም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሁን። ሁለተኛ፣ ትምህርት የጨረሱ ተማሪዎች ሹራባቸውን ለትምህርት ቤቱ ይተዉና ለቸገረው ይዋስ። ሦስተኛ፣ የጐደለበት ተማሪ በሰልፍ ፊት አይቁም። ስለ ጫማ አንድም ቃል አልጻፍንም፤ እኔ ራሴ ነኝ ይቅር ያልሁት።

ጉዳዩ በወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ታየ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተፈቀዱልን፤ ሦስተኛው «ሥርዓት ይላላል» ተብሎ ቀረ። ዛሬ በዩኒት ሊደሩ ቢሮ አንድ ሣጥን ሹራብ አለ። የዚያች ልጅ የሒሳብ ውጤት ግን አልተመለሰላትም። ቀድመን ብንናገር ኖሮ ባልቀረባት ነበር እያልሁ አስባለሁ። ነጩን ጫማዬን እሑድ እሑድ አደርገዋለሁ።

6. በራሳችንስ ቤት?

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለመዘምራን አዲስ ልብስ እናሰፋ በተባለ ጊዜ ሁላችን ደስ ብሎን ተቀበልን። አንድ ዓይነት ልብስ ነው፤ ርዝመቱም የታዘዘ ነው፤ ማንም ግን አላጉረመረመም። ምክንያቱን ስለምናውቀው ወደድነው። የማሰፊያው መዋጮ በተነገረ በሳምንቱ ግን ከመካከላችን አንዲት እኅት መምጣት አቆመች። እኛም «ቀዝቅዛለች» ብለን ጸለይንላት፤ ስለ መዋጮው የጠየቃት ግን አልነበረም።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ሁላችን እናየዋለን። በእኛ በር ላይ የቆመው መዋጮ ግን አይታየንም ነበር። በዚህ ሳምንት ሁለት ሆነን ወደ ቤቷ ልንሄድ ተስማምተናል። ልብሱን ይዘንላት እንሄዳለን፤ ስለ ገንዘቡም አናነሣባትም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በትምህርት ቤታችሁ ካሉት ደንቦች ምክንያቱን የማታውቁት የትኛው ነው? ማንን ጠይቃችሁ ልትረዱት ትችላላችሁ?

ለ. ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 ስለ ልብስና ስለ አድልዎ የሚናገረውን አንብቡ። በክፍላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ያውቃልን?

ሐ. ባለፈው ወር ያጉረመረማችሁበትን አንድ ነገር ጻፉ። የተበደለው ማን ነበረ? እናንተ ወይስ ሌላ ሰው?

መ. በሰንበት ትምህርት ቤታችን መክፈል ባለመቻሉ የቀረ ሰው እንዳለ አስቡ። ስሙን በጉባኤ ሳትጠሩ ለኃላፊዎች በግል ንገሩ።