በሞቃት አካባቢ ለሚሠሩ የቦይለር ምድጃዎች የፍተሻ በር ንድፍ፦ ለድሬዳዋ ሁኔታ የተደረገ የሙቀት ስሌት

አኅጽሮተ ጥናት

የፍተሻ በር ከቦይለር ምድጃ ክፍሎች ሁሉ ትንሹ ቢሆንም ሠራተኛው ለእሳቱ እጅግ የሚቀርበው በእርሱ በኩል ነው። ይህ ጽሑፍ በጠጣር ነዳጅ ለሚሠራ ምድጃ የሚሆን የፍተሻ በር የውጭ ፊት ሙቀት ለድሬዳዋ የአየር ሁኔታና ከፍታ ያሰላል፤ ውጤቱንም በባሕር ወለል ከፍታና በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚገኘው ጋር ያነጻጽራል። ስሌቱ እንደሚያሳየው የውጭ ፊቱን በ60 ዲግሪ ለመገደብ በድሬዳዋ የሚያስፈልገው የሙቀት ተቃውሞ ለቀዝቃዛ አካባቢ ከሚያስፈልገው በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ሽፋን በማወፈር ብቻ ግቡን መምታት አዳጋች ነው። እንደ መፍትሔ ሁለት ንብርብር ያለው ሽፋንና አየር የሚተላለፍበት የውጭ መከለያ ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቦይለር ምድጃ፣ የፍተሻ በር፣ የሙቀት ጨረር፣ የሴራሚክ ፋይበር፣ ድሬዳዋ

1. መግቢያ

እሳትን ለሥራ መግራት በድሬዳዋ ዙሪያ የቆየ ሙያ ነው። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ሐርላ በቲሞቲ ኢንሶል መሪነት የተካሄደው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ጋር የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ አግኝቷል። እንፋሎት ወደ አካባቢው የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ከመጣው የባቡር ሐዲድ ጋር ነው። የእንፋሎት ባቡር እሳት ቆስቋሽ በምድጃው በር በኩል የነበልባሉን ቀለምና የከሰሉን አነጣጠፍ እያየ ሥራውን ይመራ ነበር። ዛሬም የፍተሻ በር ተግባር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ነበልባሉን ማየት፣ የአመድና የዝቃጭ ክምችትን መከታተል፣ የናሙና መውሰጃ ወይም የሙቀት መለኪያ ማስገባት፣ ቦይለሩ ሲቆም ደግሞ ውስጡን መመርመር።

በአገራችን ጠጣር ነዳጅ የሚያነዱ ምድጃዎች ጉዳይ ለድሬዳዋ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የስኳር ፋብሪካዎች ከወንጂ ጀምሮ የሸንኮራ ገለባ በማንደድ እንፋሎት ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ አበባ የተመረቀው የረጲ ተቋም ደረቅ ቆሻሻ እያነደደ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። የቡና ገለባ፣ እንዲሁም በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ የተስፋፋው የፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ እንጨት፣ ለነዳጅነት የሚታሰቡ ናቸው። ይሁን እንጂ የቦይለር በሮች ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ለቀዝቃዛ አካባቢ ከተዘጋጀ ሥዕል ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይህ ነው፦ ያው በር ሳይለወጥ በድሬዳዋ ቢገጠም ምን ይሆናል?

2. በሩ የሚበላሽባቸው መንገዶች

የፍተሻ በር በሦስት መንገዶች ከአገልግሎት ውጪ ይሆናል። የመጀመሪያው የሽፋኑ መሰንጠቅና መውደቅ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሽፋኑ ፊት በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ተመልሶም ይግላል። ጥቅጥቅ ያለ እሳት መቋቋሚያ ኮንክሪት ግጭትንና መፋቅን ቢቋቋምም እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ለውጥ የሚችለው በመጠኑ ነው። የሴራሚክ ፋይበር በአንጻሩ ድንገተኛ ለውጥን ይችላል፤ የሚጎዳው በመነካካትና በአመድ መፋቅ ነው። በተክል ነዳጅ አመድ ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየምም የአሉሚናና የሲሊካ ውህድ የሆኑ ሽፋኖችን እያጠቃ የመስታወት ባሕርይ ያለው ገጽ ይፈጥርባቸዋል።

ሁለተኛው የብረቱ መጉበጥ ነው። የፍሬሙ የእሳት ወገን ከውጭው ወገን በላይ ስለሚለጠጥ በሩ ይጎብጣል። ርዝመቱ 550 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ፍሬም በሁለቱ ፊቶቹ መካከል የ150 ዲግሪ ልዩነት ካለው፣ በነጻ ሲጎብጥ በመካከሉ ወደ 1.1 ሚሊሜትር ይርቃል። በጠንካራ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ከታገደ ደግሞ መለጠጡ ወደ ውስጣዊ ጫና ይለወጣል፤ ምድጃው ሲቀዘቅዝም በሩ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ላይመለስ ይችላል።

ሦስተኛው የአየር ስርገት ሲሆን የሁለተኛው ውጤት ነው። ሚዛናዊ ረቂቅ ባላቸው ምድጃዎች የውስጡ ግፊት ከውጭው በትንሹ ያንሳል። ልዩነቱ 50 ፓስካል ቢሆንና በ2 ሜትር የበር ዙሪያ ላይ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ቢፈጠር፣ የፍሰት ቅንሱን 0.6 ብለን ስንወስድ በሰዓት ወደ 87 ሜትር ኩብ አየር ይሰርጋል። ይህ አየር ከነዳጁ ጋር በቅጡ ሳይቀላቀል ሞቆ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ የኦክስጂን መለኪያውን ንባብም ያዛባል። ግፊቱ ለቅጽበት ወደ አዎንታዊ ሲገለበጥ ደግሞ በዚያው ክፍተት ትኩስ ጋዝ ወደ ሠራተኛው ይወጣል።

3. የስሌቱ መነሻዎች

ለስሌቱ የተወሰደው በር ስፋቱ 450፣ ቁመቱ 550 ሚሊሜትር ነው። የሽፋኑ የእሳት ፊት ሙቀት 1000 ዲግሪ ተብሎ ተወስዷል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 88 ኪሎፓስካል ነው። በሞቃት ወራት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ የቦይለር ቤቱን ተጨማሪ ሙቀት በማሰብ የአካባቢው ሙቀት 38 ዲግሪ ተደርጓል። ለብረት ገጽ የአጭር ጊዜ ንክኪ በኢንዱስትሪ በስፋት የሚወሰደው የ60 ዲግሪ ገደብ ግብ ሆኗል።

በሽፋኑ ውስጥ የሚያልፈው ሙቀት በሚከተለው ቀላል ዝምድና ይገለጻል፦

የሙቀት ፍሰት = (የእሳት ፊት ሙቀት − የውጭ ፊት ሙቀት) ÷ የንብርብሮቹ ጠቅላላ የሙቀት ተቃውሞ

የእያንዳንዱ ንብርብር ተቃውሞ ውፍረቱ ለሙቀት አስተላላፊነቱ ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ይኸው ፍሰት ከውጭው ፊት በጨረርና በተፈጥሯዊ የአየር ዝውውር ይወጣል። የተቀባ ብረት የጨረር አመንጪነት 0.9 ተብሎ ተወስዷል። አየሩ በከፍታ ምክንያት ስለሚሳሳ በዝውውር የሚወጣው ሙቀት በ7 በመቶ ገደማ እንዲቀንስ ተደርጓል።

4. ውጤትና ትንተና

በመጀመሪያ የውጭውን ፊት ብቻ እንመልከት። በ20 ዲግሪ አካባቢና በባሕር ወለል ከፍታ 60 ዲግሪ የሞቀ ገጽ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 420 ዋት ያስወግዳል። በድሬዳዋ ሁኔታ ግን ያው ገጽ በያው 60 ዲግሪ የሚያስወግደው 225 ዋት ያህል ነው። ለዚህ ልዩነት ትልቁ ምክንያት የአየሩ መሳሳት አይደለም፤ በገጹና በአካባቢው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ40 ወደ 22 ዲግሪ መውረዱ ነው። ፍሰቱ በዚህ መጠን እንዲያንስ የሙቀት ተቃውሞው ወደ 1.9 እጥፍ ማደግ አለበት። አስተላላፊነቱ 0.15 ዋት በሜትር በኬልቪን የሆነ የሴራሚክ ፋይበር ብቻ ቢሠራበት፣ በመጀመሪያው ሁኔታ 335፣ በሁለተኛው 630 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ በር ለአንድ ሰው እጅ የሚሆን አይደለም።

ለአሠራር በሚመቹ ውፍረቶች የተገኘው የውጭ ፊት ሙቀት የሚከተለው ነው።

ሀ) 100 ሚሊሜትር የሴራሚክ ፋይበር ብቻ፦ በቀዝቃዛው ሁኔታ 117፣ በድሬዳዋ 130 ዲግሪ።

ለ) 100 ሚሊሜትር የሴራሚክ ፋይበር፣ ከኋላው አስተላላፊነቱ 0.03 የሆነ 25 ሚሊሜትር የማይክሮፖረስ ሰሌዳ፦ በቀዝቃዛው ሁኔታ 74፣ በድሬዳዋ 89 ዲግሪ።

ሐ) እንደ «ለ» ሆኖ፣ ከበሩ ብረት 40 ሚሊሜትር የራቀ፣ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ መከለያ ሲጨመርበት፦ በድሬዳዋ የመከለያው ሙቀት 57 ዲግሪ።

በሦስተኛው ጉዳይ የመከለያው የውስጥ ፊት ያልተቀባ አንጸባራቂ ቆርቆሮ ሆኖ አመንጪነቱ 0.3፣ በክፍተቱ የሚያልፈው አየር ደግሞ ከቤቱ አየር በ10 ዲግሪ የሞቀ ተደርጎ ተወስዷል። ውጤቱ ሁለት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ መከለያው ሠራተኛውን ሲጠብቅ ከኋላው ያለውን የበር ብረት ያግለዋል፤ ሙቀቱ ከ89 ወደ 126 ዲግሪ ያድጋል። ስለሆነም ማጠፊያው፣ ማሸጊያውና ቀለሙ የሚመረጡት በ126 ዲግሪ እንጂ በ57 ዲግሪ አይደለም። ሁለተኛ፣ የመከለያው የውስጥ ፊት በአቧራ ተሸፍኖ አመንጪነቱ ወደ 0.9 ቢያድግ የመከለያው ሙቀት ወደ 66 ዲግሪ ይወጣል፤ ግቡም ይስታል። ክፍተቱን ማጽዳት የጥገና መርሐ ግብር አካል ካልሆነ መከለያው ጥቅሙን ያጣል።

የበሩ ጠርዝ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ንድፍ አውጪዎች ሽፋኑን የሚይዘውን የጎን ብረት እስከ እሳቱ ፊት ቢያደርሱት፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ አይዝጌ ብረት በ125 ሚሊሜትር ርዝመት የ800 ዲግሪ ልዩነት ተሸክሞ በበሩ ዙሪያ እስከ 770 ዋት ሊያሳልፍ ይችላል። በሽፋኑ በኩል የሚያልፈው ግን 145 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ይህ ከፍተኛ ግምት ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ሽፋን በመጥፎ ጠርዝ ከንቱ ይሆናል። የጎን ብረቱ ከእሳቱ ፊት ወደኋላ ገብቶ መቆም፣ ቀሪው የጠርዝ ክፍልም በእሳት መቋቋሚያ ብቻ መሠራት አለበት።

5. በሩ ሲከፈት

እስካሁን የታየው የተዘጋ በር ነው። ሲከፈት ግን ማንኛውም ሽፋን አይጠቅምም። ውስጡ 1100 ዲግሪ የሆነ ምድጃ በቀዳዳው በኩል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎዋት ጨረር ይልካል። የቀዳዳው ስፋት 150 በ150 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር ርቆ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ላይ 5.8 ኪሎዋት በካሬ ሜትር ያርፋል። ይህ መጠን ግማሽ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያልተሸፈነ ቆዳን ያሳምማል። ቀዳዳው ክብ ሆኖ ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር ቢሆን ግን በዚያው ርቀት የሚደርሰው 0.5 ኪሎዋት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በትልቁ በር መካከል በራሱ ክብደት የሚዘጋ ክዳን ያለው ትንሽ ማያ ቀዳዳ ማበጀት ያስፈልጋል። ትልቁ በር እሳት እያለ መከፈት የለበትም።

ማያ ቀዳዳው ሙቀት በሚቋቋም መስታወት ከተዘጋ ከመስታወቱ ፊት ንጹሕ አየር መንፋት አመድ እንዳያለብሰውና እንዳይግል ይረዳል። አዎንታዊ ግፊት ባላቸው ምድጃዎች ይህ የአየር ንፊያ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ክዳኑም አየሩ ሳይከፈት እንዳይነሳ ሆኖ መቆለፍ ይኖርበታል።

6. የንድፍ ምክሮች

ከላይ ከቀረበው ትንተና የሚከተሉት ምክሮች ይመነጫሉ።

የማጠፊያው ቀዳዳ ሞላላ ይሁን፤ በሩ ሲለጠጥ ወደ መቀመጫው በእኩል እንዲጠጋ ነጻነት ያገኛል። መቀርቀሪያው በአንድ ነጥብ ሳይሆን ከማጠፊያው ተቃራኒ በኩል በላይና በታች በሁለት ነጥብ ይጫን።

ማሸጊያው በጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሙቀት የሚቋቋም የተጠለፈ ገመድ ሆኖ፣ ተጨምቆ ሊመለስ የሚችለው መጠን ከተሰላው መጉበጥ መብለጥ አለበት። በዚህ ምሳሌ ከ1.1 ሚሊሜትር በላይ ማለት ነው።

የሽፋኑ መያዣ መልሕቆች ከፍተኛ ክሮሚየምና ኒኬል ካለው አይዝጌ ብረት ይሠሩ፤ ጫፋቸውም ከእሳቱ ፊት ወደኋላ ይቅር። ነዳጁ የቡና ገለባን የመሰለ ተክል ከሆነ የፋይበሩን ፊት ከፖታሲየም የሚጠብቅ ቀጭን የኮንክሪት ንብርብር ይታከል።

የሴራሚክ ፋይበር ብናኝ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ስለተመደበ፣ ሽፋኑ ሲለወጥ ሠራተኞች ተገቢውን የመተንፈሻ መከላከያ ያድርጉ። ሙቀቱ በሚፈቅድበት ቦታ በሰውነት ውስጥ ቶሎ የሚሟሙ ፋይበሮች ይመረጡ።

7. ማጠቃለያ

ስሌቱ በአንድ አቅጣጫ የሚያልፍና የማይለዋወጥ የሙቀት ፍሰትን የተከተለ ስለሆነ፣ የተሰጡት ቁጥሮች የንድፍ መነሻ እንጂ የተሠራ በር ልኬት አይደሉም፤ በሩ ከተገጠመ በኋላ በገጽ ሙቀት መለኪያ መረጋገጥ አለባቸው። መሠረታዊው ድምዳሜ ግን በዚህ ልክ አይለወጥም። የበር ሥዕል ሲገዛ ወይም ሲገለበጥ «የውጭ ፊት ሙቀት 60 ዲግሪ» የሚለው ጽሑፍ የተሰላበት የአካባቢ ሙቀት ካልተገለጸ ዋጋ የለውም። በ20 ዲግሪ የተሰላ በር ድሬዳዋ ላይ ከታሰበው በ15 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላል፤ ይህንን ልዩነት የሚሸከመውም የሠራተኛው እጅ ነው። የውጭ መከለያ፣ የተቋረጠ የጠርዝ ብረትና ትንሽ ማያ ቀዳዳ በአገር ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፖች ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ቀጣዩ የጥናት ሥራ ሊሆን የሚገባውም እንዲህ ያለ በር ሠርቶ፣ በሞቃቱ ወራት በሥራ ላይ ባለ ምድጃ ገጥሞ፣ የመከለያውንና የበሩን ብረት ሙቀት ለየብቻ መለካት ነው።