ከተማ የት ላይ ይቁም? የመሬት ሞዴልና የዳር ገበሬው ሒሳብ

ከተማ ዳር ያለ አንድ ሔክታር የእርሻ መሬት ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ከሚያፈራው ጤፍና ስንዴ ይሰላል፤ ሁለተኛው ቤት ቢሠራበት ከሚያስገኘው ኪራይ። ጀርመናዊው ፎን ቱነን እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው ሥራው፣ መሬት ከገበያው በራቀ ቁጥር በማጓጓዣ ወጪ ምክንያት ኪራዩ እንደሚወርድ አሳየ። ዊልያም አሎንሶ በ1964 ይህንኑ ሐሳብ ለከተማ አዋለው። በዚህ ስሌት የከተማ ዳርቻ ማለት ሁለቱ ዋጋዎች እኩል የሚሆኑበት ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ ገበያው ሁሉንም ወጪ አይቆጥርም። ዳር ድረስ ለሚዘረጋው የውኃ መስመርና መንገድ የሚከፍለው እዚያ ቤት የሠራው ሰው ብቻ አይደለም፤ መላው ግብር ከፋይ ጭምር ነው። ስለዚህ ከተማው ከሚገባው በላይ ይሰፋል።

የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ሕግ ከተሞቿ የዕድገት ወሰን እንዲያበጁ አስገደደች። የፖርትላንድ አካባቢ ወሰን የተሠመረው በ1979 ነው። ሕጉ በወሰኑ ውስጥ ለ20 ዓመት የቤት ፍላጎት የሚበቃ መሬት መኖር አለበት ይላል። በመሆኑም ሜትሮ የተባለው የአካባቢው አስተዳደር በየጊዜው ሒሳቡን እየሠራ ወሰኑን ይመረምራል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ከተማ በ20 ዓመት 90 ሺህ ቤተሰብ ይጨመርበታል እንበል። ሲሶው ነባሩ ሠፈር ውስጥ ቢሸጋሸግ 60 ሺህ ይቀራል። በሔክታር 30 ቤት ከተሠራ 2,000 ሔክታር ይበቃል፤ 20 ቤት ከሆነ ግን 3,000 ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ አንድ ሺህ ሔክታር እርሻ የተረፈው ወይም የጠፋው በኮምፒዩተሩ ጥበብ ሳይሆን ባለሙያው ባስገባው አንድ ግምት ነው። አንባቢ የከተማ ፕላን ሲቀርብለት በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ይህንን ቁጥር ነው።

ሻል ያለ ሞዴል ዋጋንም ያስገባል። ወሰን ሲጠብ መሬት ይወደዳል፤ መሬት ሲወደድ ሰው በጠባብ ቦታ ፎቅ ይሠራል፤ አቅም ያነሰው ደግሞ ወሰኑን ዘሎ ይሄዳል። ፖርትላንድ ውስጥ የሠራ ሰው የኮሎምቢያን ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ግዛት፣ ዋሽንግተን፣ ቫንኩቨር ከተማ ማደር ይችላል። የኦሪገን ሕግ እዚያ አይደርስም። ስለሆነም ጎረቤቱን ያላካተተ ሞዴል ግማሽ ሞዴል ነው።

አዲስ አበባም ይህንን ታውቀዋለች። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ያደጉት በከተማይቱ የቤት ፈላጊ ጭምር ነው። ከተማይቱንና ዙሪያዋን በአንድ ለማቀድ የተዘጋጀው ማስተር ፕላን ግን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ ገጠመው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ ጥር 2008 ተሰረዘ። በቴክኒክ ረገድ ሁለቱን በአንድ ማየት ተገቢ ነበር። የጎደለው የገበሬው ሒሳብ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ በአገራችን መሬት አይሸጥም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ይዞታውን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የፈቀደው ካሣ፣ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። በሁለቱም ስሌቱ የሚነሳው ከምርቱ ነው፤ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ግን ዋጋው ከከተማው ገበያ ይነሳል። እንግዲህ በእርሻ ዋጋ ተቀብሎ በከተማ ዋጋ የሚያከራይ አስተዳደር፣ መስፋፋቱ ትርፍ እንጂ ወጪ ሆኖ አይታየውም። ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው የመሬት ዋጋ የካሣው ተመን ከሆነ፣ መሥመሩ ወደ ውጭ መገፋቱ አይቀርም። በካሣው ምትክ የሊዙ ዋጋ ቢገባ ያው ሞዴል በሔክታር 20 ሳይሆን 30 ቤት መሥራትን ይመርጣል።