ስኮላርሺፕ ስንል ምን ማለታችን ነው?

አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ሁሉ «ስኮላርሺፕ እየፈለግሁ ነው» ይላል። ይሁንና ኮሌጆቹ ገንዘብ የሚሰጡበት መንገድ ሁለት ነው። ይህን ሳይለይ የሚያመለክት ተማሪ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዓመቱን በከንቱ ሊጨርስ ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልዩነቱን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው በውጤት ወይም በተሰጥኦ የሚሰጥ ነው። ኮሌጁ ጎበዝ ተማሪ ለመሳብ ሲል ከክፍያው ይቀንስለታል እንጂ የቤተሰቡን ኪስ አይመረምርም። ሁለተኛው በችሎታ ማነስ፣ ማለትም በገንዘብ አቅም፣ የሚወሰን ነው። ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ላይ ቤተሰብ ሊከፍል የሚችለው ተቀንሶ ቀሪው ይታያል።

የሚገርመው፣ ሀርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ለውጤት ብቻ ብለው የሚሰጡት ስኮላርሺፕ የላቸውም። እዚያ የሚገባው ሁሉ ጎበዝ ነዋ! በሌላ በኩል ግን የውጭ አገር ተማሪም ቢሆን ገንዘብ የለውም ተብሎ አይጣልም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞሉለታል። በአብዛኞቹ ኮሌጆች ግን የውጭ ተማሪ ድጋፍ መጠየቁ ለመግባት ሲወዳደር ይታይበታል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት «ለውጭ ተማሪ የምትሰጡት በየትኛው መንገድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እዚያ የሚኖር ዘመድ «ፋፍሳ ሙላ» ሊል ይችላል። ይህ የፌዴራል መንግሥት ቅጽ ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና እንደ ስደተኛ ላሉ ጥቂት ወገኖች ነው። በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ አያገለግልም። ለእሱ ብዙ ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለውን ወይም የራሳቸውን ቅጽ ነው።

ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። እኛ ማጣትን መሸሸግ የለመድን ነን፤ አባት የወር ገቢውን ለልጁ እንኳ አይነግርም። በቅጹ ላይ ገቢን ከፍ አድርጎ የጻፈ ቤተሰብ ግን ድጋፉን በገዛ እጁ ይቀንሳል። ዝቅ አድርጎ መጻፍም ማጭበርበር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እውነቱን መጻፍ ውርደት አይደለም።

በመጨረሻም መልሱ ሲመጣ «ሙሉ» የሚለውን ቃል አይቶ መጨፈር አይበቃም። ትምህርቱን ብቻ ነው ወይስ ዶርሙንም፣ ምግቡንም፣ የጤና ኢንሹራንሱንም? የማይመለስ ነው ወይስ ብድር? በየዓመቱ እንዲቀጥል የሚጠየቀው ውጤትስ ስንት ነው? ፊርማ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።