የሕክምና ወጪ፤ ማን ይክፈለው? ለማንስ ሒሳቡ ይነገር?

በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ዘወትር ስለ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አያያዝ፣ ዝንብንና ትንኝን ስለ መከላከል እንናገራለን። ይሁን እንጂ የጤና ነገር በሳሙናና በውሃ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሰው የቱን ያህል ቢጠነቀቅ አንድ ቀን መታመሙ አይቀርም፤ በታመመም ጊዜ ከሐኪም ፊት ከመድረሱ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ሦስት ነገሮችን በተራ እንመረምራለን። እነዚህም የሕክምና ዋጋ ምን ምን እንደሚያጠቃልል፣ ሸክሙ በማን ላይ እንዴት መደልደል እንደሚገባው፣ የተሰበሰበውንም ገንዘብ የያዘ ሰው ለማን መልስ መስጠት እንዳለበት ናቸው።

1ኛ፤ የሕክምና ዋጋ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሕክምና ዋጋ ሲባል በካርድ ክፍል የሚከፈለውን ብቻ ያስባል። ነገር ግን የምርመራው፣ የመድኃኒቱና የመጓጓዣው ዋጋ፣ አስታማሚው የሚመገበውና የሚያድርበት፣ ሥራ የተፈታበትም ቀን ሁሉ አብሮ ሊቈጠር ይገባዋል። አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ይህን ሁሉ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ለማግኘት በሬውን ይሸጣል፣ ወይም በወለድ ይበደራል፣ ወይም ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። በሬውን የሸጠ ሰው ከሕመሙ ቢድን እንኳ ክረምት ሲገባ የሚያርስበት የለውም። ስለ ጤና ገንዘብ አስተዳደር የሚያጠኑ ሊቃውንት፣ ለሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ከቤተ ሰቡ ጠቅላላ ወጪ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ኑሮን የሚያናጋ ወጪ ነው እያሉ በብዙ ጥናቶቻቸው ይመዝኑታል።

ከዚህም የከፋው ዋጋውን ፈርቶ ከሕክምና መቅረት ነው። ሕፃን ልጅ የሳምባ ምች ይዞት ትንፋሹ ሲፈጥን፣ እናቱ ገንዘብ በማጣት «ነገ ይሻለው ይሆናል» ብላ ብትጠብቅ፣ በጥቂት ቀን መድኃኒት ሊድን የሚችለው ሕመም ሕይወቱን ሊያጠፋው ይችላል። እንግዲህ የገንዘብ አከፋፈል ሥርዓት የጸሐፊዎችና የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

2ኛ፤ ሸክሙ እንዴት ይደልደል?

አንድ ዓይነት ዋጋ ማለት እኩል ሸክም ማለት አይደለም። 200 ብር ለደመወዝተኛና ለቀን ሠራተኛ በቁጥር አንድ ነው፤ በትከሻቸው ላይ ግን አንድ አይደለም። ደግሞም ሕመም መቼና በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ብዙ አገሮች ሰዎች ጤነኞች ሳሉ እንደየአቅማቸው እንዲያዋጡ፣ በታመሙ ጊዜም እንደየሕመማቸው እንዲታከሙ ደነገጉ። በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመነ ሥልጣን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1883 በወጣው ሕግ ለሠራተኞች የሕመም መድኅን ሲቋቋም፣ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍል ነበር። በብሪታንያም በ1948 ሕክምና በሚሰጥበት ሰዓት በሽተኛው ምንም እንዳይከፍል፣ ወጪውም በአብዛኛው ከግብር እንዲሸፈን ተደረገ። ይሁን እንጂ ወጪው ስለ ከበደ በ1952 ለመድኃኒት ማዘዣ አንድ ሽልንግ ማስከፈል ተጀመረ። ከዚህ የምንማረው፣ ሕክምና ለበሽተኛው ነፃ ቢሆንም ከፋይ የሌለው ሕክምና ከቶ አለመኖሩን ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን ሕዝብ እንግዳ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለው ምሳሌ ይህንኑ ያስተምራል። ዕድርተኛው ሐዘን ሳይደርስበት በየወሩ የሚያዋጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ለቀብር ሳይሰለች የሚያዋጣ ሕዝብ ለሕይወትም ማዋጣት አያቅተውም። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በዚያን ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ይባል በነበረው ውስጥ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ይህ ሥርዓት የታሰበው ደመወዝ ለሌላቸው ለገበሬዎችና በግል ሥራ ለሚተዳደሩ ነው። ለደመወዝተኞችና ለጡረተኞች በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ለብዙ ዓመታት ዘግይቷል።

የመድኅኑን አሠራር ለመረዳት መምህራን የሚከተለውን ስሌት በሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ የቀረቡ ናቸው። 500 ቤተ ሰቦች በዓመት 600 ብር ቢያዋጡ 300,000 ብር ይሰበሰባል። በዓመቱ ውስጥ 50 ሰዎች ታመው ለያንዳንዳቸው 6,000 ብር ቢያስፈልግ፣ የተዋጣው ገንዘብ ለሁሉም ይበቃል። አንዱ ብቻውን 6,000 ብር መፈለጉ ቀርቶ ሁሉም 600 ብር ከፍሎ ያድራል። አሁን ደግሞ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብለው 300 ቤተ ሰቦች ቢቀሩ፣ የታመሙትም ሁሉ በቀሩት 200 ቤተ ሰቦች ውስጥ ቢሆኑ፣ የሚሰበሰበው 120,000 ብር ብቻ ሲሆን 180,000 ብር ይጐድላል። አባልነቱ በቤተ ሰብ ሙሉ እንጂ በሽተኛው ብቻ ተለይቶ እንዳይሆን የተደረገው ስለዚህ ነው።

መዋጮውን ፈጽሞ መክፈል የማይችል ድኃስ? እንዲህ ያለው ሰው በማኅበረሰቡ ተለይቶ ሲመረጥ መዋጮውን መንግሥት እንዲከፍልለት ሥርዓቱ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ፍትሕ የሚፈተነው በምርጫው ነው፤ የዘመድና የጐረቤት አድልዎ ከገባበት በእውነት የተቸገረችው መበለት ከመዝገቡ ትቀራለች።

3ኛ፤ ሒሳቡን ማን ይጠይቃል?

ቀድሞ የመንግሥት ሐኪም ቤቶች ከበሽተኛ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጤና ገንዘብ አሰባሰብ መመሪያ ከጸደቀ በኋላ ግን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ይዘው ለአገልግሎታቸው ማሻሻያ እንዲያውሉት፣ የሕዝብ ተወካዮች በሚገኙበት የሥራ አመራር ቦርድም እንዲመሩ ተፈቀደ። ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ በቅርብ ሲያዝ ጠባቂውም በቅርብ መገኘት አለበት። የዕድር ገንዘብ ያዥ በጉባኤ ፊት ገቢውንና ወጪውን አንብቦ እንደሚያስረዳ ሁሉ፣ የጤና ጣቢያውም ሒሳብ ለሕዝብ ጆሮ ሊነገር ይገባዋል።

የመድኅን አባል ደብተሩን ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ከተባለ አንዱን ሕክምና ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ይህ ሲደጋገም ሰው መዋጮውን ይተዋል፤ መዋጮው ሲጐድል መድኃኒት መግዣ ይጠፋል፤ መድኃኒቱም ሲጠፋ ገና ብዙዎች ይተዋሉ። ይህን ክፉ አዙሪት የሚሰብረው ልመና ሳይሆን ግልጽ ሒሳብ ነው። ስንት ተሰበሰበ? በምን ላይ ዋለ? የትኛው መድኃኒት ለስንት ቀን ጠፋ? ብሎ መጠየቅ ጠብ ሳይሆን የባለቤትነት ግዴታ ነው። በሌላም በኩል መድኅን አለኝ በማለት ያለ ሕመም መድኃኒት መውሰድ፣ ደብተሩንም ለሌላ ሰው ማዋስ የጐረቤትን ድርሻ መውሰድ መሆኑን አንርሳ።

ክቡራን መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ሆይ፣ ማንበብ ለማይችለው ወገናችሁ ዓይን ሁኑለት። ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የቤተ ሰብ ምጣኔና በጤና ጣቢያ የሚደረግ የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ እንዲሰጡ የተወሰኑ መሆናቸውን ንገሩት። የተከፈለበትን ደረሰኝ አንብቡለት፤ በቦርድ ስብሰባም የሚወክለው ሰው ማን እንደ ሆነ አስታውቁት። ከሁሉም በላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፣ እጅን በመታጠብና ውሃን በማፍላት የምንከላከለው ተቅማጥ ሁሉ ከጋራ ገንዘባችን ላይ የሚቈጥበው ድርሻ አለ። ንጽሕናን የሚጠብቅ ሰው የራሱን ጤና ብቻ ሳይሆን የመንደሩንም ካዝና ይጠብቃል።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች፤
ሀ) ከላይ ባለው ስሌት የታመሙት 50 መሆናቸው ቀርቶ በንጽሕና ጒድለት 75 ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ስንት ብር ማዋጣት ይኖርበታል?
ለ) አንድ ዓይነት ዋጋ እኩል ሸክም የማይሆንበትን ምክንያት በምሳሌ አስረዱ።
ሐ) በአካባቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሒሳቡን ለሕዝብ የሚያስታውቀው መቼና እንዴት ነው? ጠይቃችሁ ለክፍላችሁ ተናገሩ።